ሁለተኛው መርፌ

የበደለኝ ሰው የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ነው። የበደለኝም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም። የራሴንም ስም አልጽፍም። ያን ጊዜ ጉለሌ የነበረ ሰው ሁለታችንንም ያውቀናል፤ ላልነበረ ሰው ደግሞ ስም ምን ያደርግለታል።

ስለ ትዳሬ አልጽፍም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከቤታችን ማን ወጥቶ እንደቀረም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ መርፌ ነው።

የአምቡላንስ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ ያሽጋል፣ መርፌ ይወጋል፤ ሐኪም ሲኖር ሐኪሙ ያዘዘውን ያደርጋል፣ ሐኪም ሲጠፋ ሁሉንም ያደርጋል። በሽተኞች ሁላችንንም ሲስተር ይሉናል። ኃላፊው ግን ይህ ስም ሲሰጠኝ አይወድም ነበር፤ “ሲስተር የተማረች ናት” ይላል፣ በሽተኛው ፊት።

አምቡላንሳችን አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። ከኋላ አንድ ቃሬዛ፣ አንድ የኦክስጂን ሲሊንደር፣ አንድ የእንጨት ሣጥን። የሣጥኑ ነገር የእኔ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስሪንጆቹን ቀቅዬ፣ የቁስል መሸፈኛውን ጎዝ አጥፌ፣ የጎማ ቱቦዎቹን በየመጠናቸው ደርድሬ እዘጋጃለሁ። መድኃኒቶቹ ብዙ አልነበሩም። ከነሱ ውስጥ ሁለቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነገሩ በነሱ ነው የመጣው። ፔቲዲን ብርቱ ሕመም ያስታግሳል። ዲያዜፓም ያረጋጋል፣ ያስተኛል። ሁለቱም በልካቸው ሲሰጡ ሰው ያሳርፋሉ፤ እኔ ራሴ እግሩ የተፈጨ ሰው ፔቲዲን ከተሰጠው በኋላ የልጆቹን ስም እየጠራ ሲያጫውተኝ ሰምቻለሁ። አንዱ በሌላው ላይ ሲጨመር ግን ጉልበታቸው ይደራረባል። በሽተኛው መተንፈስ ይረሳል። ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል። ቢያስመልሰው ማሳል ስለማይችል ያስመለሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ይህን ያስተማሩኝ አሁን በሕይወት የሌሉ አንዲት አሮጊት ነርስ ናቸው። “መርፌውን ከመውጋትሽ በፊት የሚያድነውን እቃ በእጅሽ ያዢ፤ ከወጋሽ በኋላ አትፈልጊው” ይሉኝ ነበር።

የሚያድነው እቃ በእግር የሚረገጥ መምጠጫ ነው። ጫፉን አፍ ውስጥ አስገብተሽ ፔዳሉን ስትረግጪ ከጉሮሮ ያለውን ሁሉ ይስባል። አሮጌው ተሰብሮ ሁለት ዓመት ያለ መምጠጫ ሠርተን፣ በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ አዲስ መጣልን። ነሐሴ መግቢያ ላይ ኃላፊው ከሣጥኔ አጠገብ አነሳው። ለበዓሉ ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ ነበር፤ ጣቢያችንም በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ ደርሶታል።

“ጓድ፣ እሱ የአምቡላንሱ እቃ ነው” አልኩት።

“ሕዝቡ ያገኘውን እድገት ማየት አለበት።”

“ሕዝቡ ቢታነቅስ?”

“ያን ጊዜ እንመልሰዋለን” አለ። ቀልዶ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ሥርዓት አለ። ፔቲዲንና ዲያዜፓም በቁልፍ የሚቀመጡ ነበሩ፤ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ነው። ሙሉ ብልቃጥ ለመውሰድ ባዶውን መመለስ ግዴታ ነው፤ ባዶው ሲመለስ ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚፈርመው የብልቃጡን አንገት ሰብሮ መድኃኒቱን የቀዳው ሰው ነው። ያዘዘው አይደለም፣ ያመጣው አይደለም፤ የሰበረው። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ደንቦች ሁሉ ትክክለኛ ብዬ የተቀበልኩት እሱን ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ዝናቡ ከሌሊቱ ጀምሮ ነበር። ከቀበሌ ስልክ ተደወለ፤ ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ቤት ግድግዳ ተደርምሶበታል፣ ሰውየው እግሩ ተሰብሯል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እኔ ሣጥኑን ሳስገባ ኃላፊው ኮቱን ለብሶ መጣና ከፊት ተቀመጠ። በሌላ ቀን መጥቶ አያውቅም። ሽሮ ሜዳ ላይ የመንገድ ዳር አጥር እየተቀባ ነበር፤ ከበላይ አካል ሰዎች አጥሩን ሊያዩ እንደሚመጡ ኃላፊው ሰምቷል።

“ዛሬ ጓድ ኃላፊያችንም አብረውን” አለ ሾፌሩ፣ “ዳገቱን ይችል ይሆን ይሄ መኪና?”

“ቀልድህን ለበዓሉ አስቀምጠው” አለው።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ፣ በጭቃ ቁልቁለት ተወርዶ ነበር። ሸማኔው እግሮቹን ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ እንደተቀመጠ ነው የጀርባው ግድግዳ የወደቀበት። ጎረቤቶች ጭቃውን ጠርገው አውጥተውታል። የግራ ጭኑ መሐል ላይ ተሰብሯል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። እግሩን ለማቃናት ስይዘው ከንፈሩን ነክሶ፣

“ቀስ በይ እህቴ፤ የምትስቢው ማግ አይደለም” አለኝ።

ሚስቱ ራስጌው ተንበርክካ ነበር። መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅኳት።

“ዛሬ እህል ውሃ ቀምሷል?”

“ኧረ ምንም። ጾም ነው እኮ። ሱባኤ ይዟል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም።”

ሆዱ ባዶ ነው ብዬ አመንኩ። አንድ ብልቃጥ ፔቲዲን ሰብሬ በመርፌ ጡንቻው ላይ ሰጠሁት። ጡንቻ ላይ የተሰጠ ፔቲዲን ጊዜ ይፈልጋል፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ። እግሩን ከጣውላ ጋር አሰርኩት፣ አራት ጎረቤቶች ቃሬዛውን ተሸከሙ፣ ዳገቱን ወጣን።

ዳገቱ ላይ አንዱ ተሸካሚ አንሸራተተው። ቃሬዛው ሲናወጥ ሸማኔው ጮኸ፤ ያ ጩኸት ከዋናው መንገድ ይሰማል። ከበላይ የመጡት ሰዎች ደግሞ እዚያው መንገዱ ዳር፣ አዲስ በተቀባው ቆርቆሮ አጥር አጠገብ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ሁሉም ዞረው አዩ። አምቡላንሱ ውስጥ ስናስገባውም መጮሁን አላቆመም። ሚስቱ አብራው ገባች፤ ሾፌሩ ከፊት መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ኃላፊው በኋላው በር በኩል ጎንበስ ብሎ ገባ።

“ዝም አሰኚው” አለኝ።

“መድኃኒቱ ገና አልደረሰም ጓድ። ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ።”

“ጥቂት ደቂቃ ሙሉ ሊጮህ ነው?”

“እግሩ ተሰብሯል። ይጩህ።”

“ሰዎቹ ቆመው እያዩ?”

“ታዲያ እነሱ ይሂዱ” አልኩ።

ኃላፊው ሣጥኑን ከፍቶ ዲያዜፓሙን አወጣ። “ፔቲዲን ላይ አይጨመርም፣ መምጠጫው የለንም” አልኩት፤ በግልጽ፣ ሚስትየዋ እየሰማች። ብልቃጡን ሰበረ። የሸማኔውን ክንድ አስሮ፣ ሙሉውን ደም ሥሩ ላይ፣ አንድ ጊዜ በሚነገር ቃል ፍጥነት ለቀቀው። ያ መድኃኒት ደም ሥር ላይ ሲሰጥ በጣም በዝግታ መሆን አለበት። መርፌውን ነቅሎ ባዶውን ብልቃጥ ሣጥኔ ውስጥ ወረወረና ወረደ። ሰዎቹ ዘንድ ሄዶ ሰላምታ ሲሰጥ በመስኮቱ አየሁት።

ሸማኔው ዝም አለ። ቀጥሎ ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ አሰማ፤ ምላሱ መውደቁ ነበር። አገጩን ወደ ፊት ስስብ ሆዱ ተናወጠና ውሃ ከአፉና ከአፍንጫው ወጣ። ምግብ አልነበረበትም። ንጹሕ ውሃ። ከአንድ ቀጭን ሰው ሆድ ያን ያህል ውሃ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

“ይሄ ምንድነው?” አልኳት።

“ጠበሉ ነው” አለች ሚስቱ። “ጠዋት ቁስቋም ነበር። አራት ጣሳ ጠጥቷል። ሌላ ቀን እዚያው ያስመልሰዋል፤ ዛሬ ሆዱ ያዘው።”

“ምንም አልቀመሰም አላልሽኝም?”

“ጠበል ይቆጠራል እንዴ እህቴ?”

አይቆጠርም። እኔም ያደግሁት ከቁስቋም ማርያም ሥር ነው። በፍልሰታ ጠበል ጠጥቼ ወጥቼ እህል ውሃ ቀምሰሻል ወይ ብባል፣ አልቀመስኩም ብዬ እምላለሁ፤ መዋሸቴም አይደለም። በእኛ ቤት ጠበል ከውሃ ጋር ተቆጥሮ አያውቅም። ስለዚህ ሴትዮዋ እውነቷን ነው። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ያውም እዚያው ሰፈር የተወለድኩ እኔ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ክጄው አላውቅም።

ከነተሰበረ እግሩ በጎኑ አዞርኩት። በጣቴ ላይ ጎዝ ጠቅልዬ አፉን ጠረግሁ፣ የጎማውን ቱቦ ምላሱ ላይ አሳለፍኩ፣ ሌላ ቀጭን ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ አስገብቼ በራሴ አፍ ስቤ ተፋሁ። እንደገና ሳብኩ። የሚረገጠው መምጠጫ በዚያች ሰዓት ቀይ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ነበር። “ንዳ” አልኩት ሾፌሩን። መንገዱን በሙሉ አገጩን ይዤ፣ ኦክስጂኑን አፉ ላይ አድርጌ፣ መተንፈስ ሲረሳ ትከሻውን እየቆነጠጥኩ እየጠራሁት ሆስፒታል አደረስኩት። ሲገባ ይተነፍስ ነበር። በአራተኛው ቀን በሳንባው ሞተ።

በሞተ ማግስት ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ፔቲዲኑ በተጻፈበት መስመር ላይ ፊርማዬ አለ። ከሱ ሥር በእሱ የእጅ ጽሑፍ ዲያዜፓም ተጽፎ፣ የሰጪው ስም በሚለው ቦታ የእኔ ስም ገብቷል። ፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

“ፈርሚ” አለኝ።

“እኔ አልሰበርኩትም።”

“ባዶው ያለው አንቺ ሣጥን ውስጥ ነው።”

“የጣሉት እርስዎ ነዎት።”

ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሲለምን እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ከበዓሉ በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ እንደሚሄድ፣ ወረቀቱ ሁሉ እንዳለቀ፣ በዚህ ሰዓት አንዲት መስመር ነገሩን ሁሉ እንደምታበላሽ ነገረኝ። “አንቺ ምን ይቀርብሻል? ቢበዛ ተግሣጽ ነው። አንቺ ወዴት ትሄጃለሽ?”

እዚያ ቃል ላይ ነው የጠላሁት። ከዚያ በፊት አልወደውም ነበር፤ መጥላት ሌላ ነው። የትም እንደማልሄድ እርግጠኛ ስለነበር ሰው ገደለች የሚል ስም ተሸክሜ እዚያው ሰፈር እንድቀመጥ ፈለገ። በየቀኑ የማልፍበት መንገድ ላይ፣ የሸማኔው ልጆች በሚያልፉበት።

“አልፈርምም” ብዬ ወጣሁ።

ይህን ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አንድ ቀብር ላይ አግኝቼዋለሁ። ሸብቶ፣ ጥሩ ኮት ለብሶ ነበር። በክንዴ ያዘኝና፣ “እህቴ፣ ያ ሁሉ አለፈ እኮ፣ አይደል?” አለኝ።

“ለማን?” አልኩት።

ክንዴን ለቀቀ። አስከሬኑን ተከትሎ ሄደ።

አልፈርምም ብዬ በወጣሁበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በሽተኞች ተራ የሚጠብቁበት አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር፤ ሰው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል፣ ሌላው ይጨምርበታል። ከላይ የመጣ ካድሬ መሐል ተቀመጠ። ወጣት ነበር፤ ስለ መድኃኒት ምንም እንደማያውቅ ከአያያዙ ያስታውቃል፤ ባዶዋን ብልቃጥ በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ጥይት ያገላብጣታል። ኃላፊው ተነሥቶ በንዝህላልነቴ የአንድ ሠርቶ አደር ሕይወት መጥፋቱን ተናገረ። ከዚያም መዝገቡ በፊቴ ተቀመጠ።

“ጥፋቴን ልናገር?” አልኩ።

“ለዚያ ነው የተሰበሰብነው” አለ ካድሬው።

“ሰውየው ጠበል መጠጣቱን አልጠየቅሁም። ጥፋቴ ይህ ነው። ሁለተኛውን መርፌ የወጉት ጓድ ኃላፊ ናቸው። እንዳይወጉ ነግሬያቸዋለሁ። መምጠጫውን ወስደው ኤግዚቢሽን ላይ ያስቀመጡትም እሳቸው ናቸው።”

ካድሬው ጠበልን ከሳይንስ ጋር አያይዞ ጥቂት ተናገረ። ከዚያ ምስክር ጠየቀ። ሾፌሩ ተነሣ። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ልጁ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄጄ መርፌ እወጋለት ነበር።

“እኔ የኋላውን አላየሁም” አለ። “መንገዱን ነበር የማየው።”

“መኪናው ቆሞ ነበር” አልኩት።

“ቢቆምም ሾፌር መንገድ ነው የሚያየው።”

“ሞተሩም ጠፍቶ ነበር። የጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ የምታየው መንገድ የት ነው የሚያደርስህ?”

ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። ሾፌሩ ጭንቅላቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እሱ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር እላለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ ግን አልልም፤ አላልኩምና።

ካድሬው ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ። “ፈርመሽ ቁጭ በዪ። ካልፈረምሽ ነገሩ ንዝህላልነት መሆኑ ይቀርና አሻጥር ይሆናል” አለኝ።

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያን ዘመን ምን እንደሚያስከትል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ሰው በዚያ ቃል ይታሰር ነበር፤ ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ከዚያም የባሰ ይደርስበት ነበር። መዝገቡን አንሥቼ ሁሉም እንዲያየው አዞርኩና የመጀመሪያውን መስመር በጣቴ አሳየሁ።

“ይቺ የእኔ ናት፤ ፈርሜአለሁ። ያቺኛዋን የሰበራት ይፈርማት።”

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ተውኩና ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

አላሰሩኝም። ለምን እንዳላሰሩኝ አላውቅም፤ ምናልባት በበዓሉ ዋዜማ ስለ ኤግዚቢሽኑ እቃ እንዲወራ አልፈለጉም። ያደረጉት ከአምቡላንስ አውርደው ካርድ ክፍል ማስገባት ነው። ሣጥኔን ለሌላ ሰጡ። የሸማኔው ሪፖርት ግን ካርዱ ላይ በኃላፊው እጅ እንደተጻፈ ቀረ፦ ሁለቱንም መርፌ የሰጠችው ድሬሰሯ ናት ይላል። ለሚስቱ ደግሞ ባሏን የገደለው የሷ ውሸት ነው፣ ቀምሷል ብትል ኖሮ ይድን ነበር ብለዋታል። ይህን የሰማሁት ካርድ ልታወጣ ከመጣች ጎረቤቷ ነው።

ኃላፊው ከበዓሉ በኋላ ሄደ። ሽኝት ተደረገለት። አልተገኘሁም።

በሄደ በሳምንቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ግድግዳው እንደገና ተለስኗል። ሚስቱ በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ታባዝት ነበር። አወቀችኝ፤ ተነሺም ግቢም አላለችኝም። ቆሜ ነገርኳት። አንቺ አልዋሸሽም አልኳት። መጠየቅ የነበረብኝን ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን መርፌ የወጋው ኃላፊው ነው፤ አንቺም አይተሻል። መምጠጫው ቢኖር፣ ሁለተኛው መርፌ ባይጨመር፣ ውሃውን ተፍቶ ይነሣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የያዘችውን ጥጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“ስለዚህ ጠበሉ አይደለም?” አለችኝ።

“ጠበሉ አይደለም።”

“ሰፈሩ ሁሉ ጠበሉ ነው የሚለው። ልጆቼን እንኳ ጠበል አላስጠምቅም ብዬ ነበር።”

“ጠበሉ አይደለም” አልኳት እንደገና።

“ይህን ሰው ፊት ትናገሪያለሽ?”

“ተናግሬአለሁ። ከጠየቁኝ እደግመዋለሁ።”

“እስቲ ግቢ” አለች።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ከሰው በፊት ነበር የደረስኩት። የሸማኔውን ካርድ ከመደርደሪያው አውጥቼ ከኃላፊው ጽሑፍ ሥር በቀለም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ከላይ ያለው ትክክል አይደለም። ፔቲዲኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጠበል መጠጣቱን አልጠየቅሁም። ዲያዜፓሙን የሰጡት የጣቢያው ኃላፊ ናቸው። መምጠጫው አልነበረም።” ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ካርዱን ወደ ቦታው መለስኩና መስኮቱን ከፍቼ የመጀመሪያውን በሽተኛ ተቀበልኩ።